ቴሌስኮፑን ከመቀየራችሁ በፊት አየሩን ለኩት

ወሩ ጥር ነው። ማታ 2 ሰዓት ገደማ አራት ፎቅ ወጥቼ፣ የሕንፃው ቴራስ ላይ ቴሌስኮፔን ተክዬ፣ ስልኬን በማሰሪያ ሌንሱ ላይ አጣብቄ ጁፒተርን ቪዲዮ እየቀረጽኩ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል። አንድም ደመና የለም። ከዋክብቱ ብልጭ ድርግም ሲሉ ልብ ይሰርቃሉ። «ዛሬስ ኢንተርኔት ላይ የማያቸውን ዓይነት ፎቶ አነሳለሁ» ብያለሁ ለራሴ።

ቪዲዮውን ከፍቼ ሳየው ግን ጁፒተር እንደ ሽሮ ይንተከተካል። ጠርዙ ያብጣል፣ መልሶ ይሟሽሻል። ቡናማ ቀበቶዎቹ አንዴ ብቅ ይላሉ፣ አንዴ ድራሻቸው ይጠፋል። ፎከሱን ነካካሁ፣ ሌንሱን ወለወልኩ፣ ስልኩን አጥፍቼ አበራሁ። ወይ ፍንክች!

በመጨረሻ ፍርዱን ቴሌስኮፑ ላይ ፈረድኩ። የመስታወቱ ስፋት 130 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ «ትንሽ ስለሆነ ነው» አልኩ። እንዳጋጣሚ እቁብ ደርሶኝ ነበር። የአክስቴ ልጅም ከዱባይ ሊመጣ ስለሆነ ትልቁን ይዞልኝ እንዲመጣ ልነግረው መልእክት መጻፍ ጀመርኩ። «ላክ» የሚለውን ከመጫኔ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ያዘኝ። ጥፋተኛው በእርግጥ ቴሌስኮፑ ነው ወይስ አየሩ?

ደስ የሚለው፣ ይህ ጥያቄ በግምት ሳይሆን በቁጥር ይመለሳል። ለመለኪያ የሚያስፈልገውም ያው ስልክና ያው ትንሽ ቴሌስኮፕ ነው።

ከኮከቡና ከእናንተ መካከል ያለው ሌንስ

ቀትር ላይ አስፋልት ላይ የሚንቀጠቀጠውን ሙቀት አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ከከሰል ምድጃ በላይ አሻግራችሁ ስታዩም ግድግዳው የሚወዛወዝ ይመስላል። ግድግዳው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ሞቃት አየርና ቀዝቃዛ አየር ብርሃንን የሚያጥፉት በተለያየ መጠን ስለሆነ፣ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ብርሃኑ መንገዱን ይስታል።

ከከዋክብት የሚመጣው ብርሃንም ዕጣው ይኸው ነው። ለብዙ ዓመታት ጠፈርን አቋርጦ በሰላም ይመጣና የመጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ላይ፣ የእኛ አየር ውስጥ ሲገባ፣ ይረበሻል። የሥነ ፈለክ ሰዎች ይህን የአየሩን መረጋጋት ወይም አለመረጋጋት «ሲዪንግ» ይሉታል። ሲዪንግ ጥሩ ነው ማለት አየሩ ረግቷል፣ ምስሉም ቆሟል ማለት ነው። መጥፎ ነው ማለት ደግሞ ያ የኔ ሽሮ።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሸወድበት ነገር አለ። የጠራ ሰማይና የረጋ ሰማይ አንድ አይደሉም። ዝናብ ከጣለ በኋላ ነፋስ ያጠራው ሰማይ ከዋክብቱ የሚያብረቀርቁበት ውብ ሰማይ ነው፤ ለፕላኔት ፎቶ ግን ብዙ ጊዜ የማይረባ ነው። ያ ልብ የሚሰርቀው ብልጭ ድርግም ራሱ የአየሩ ረብሻ ምልክት ነው። በተቃራኒው ትንሽ ጭጋግ ያለበት፣ ቅጠል የማይነቃነቅበት፣ ከዋክብቱ ፈዘዝ ብለው ጸጥ ያሉበት ሌሊት ለጁፒተርና ለሳተርን ግሩም ሊሆን ይችላል። እኔ ጥርት ያለ ሰማይ አይቼ የተደሰትኩት ለካ በምልክቱ ነበር!

ችግሩ አዲስ አይደለም። አይዛክ ኒውተን በ1704 ባሳተመው «ኦፕቲክስ» መጽሐፉ፣ ቴሌስኮፕ የፈለገውን ያህል ቢሻሻል የአየሩን መንቀጥቀጥ እንደማያሸንፍ ጽፎ መፍትሔው በከፍተኛ ተራሮች ላይ የሚገኝ የረጋ አየር ሊሆን እንደሚችል ጠቁሟል። የዛሬዎቹ ታላላቅ ቴሌስኮፖች ሃዋይና ቺሊ ተራራ ላይ የተተከሉት አለምክንያት አይደለም።

ቁጥሩ አርክ ሰከንድ ይባላል

ሲዪንግ የሚለካው በአርክ ሰከንድ ነው። አንድ ዲግሪን ለ3,600 ብትከፍሉት አንዱ ክፋይ አርክ ሰከንድ ነው። ምን ያህል ትንሽ ነው? የአንድ ብር ሳንቲም ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሲታይ የሚኖረውን ስፋት አስቡት። ሙሉ ጨረቃ 1,800 አርክ ሰከንድ ገደማ ትሰፋለች። ጁፒተር ለእኛ ቀረብ በሚልበት ጊዜ 45 አርክ ሰከንድ አካባቢ ነው።

ኮከብ በጣም ሩቅ ስለሆነ ነጥብ መሆን ነበረበት። አየሩ ግን ያንን ነጥብ አሰፍቶ እብጥ ያለ ጠብታ ያስመስለዋል። የዚያ ጠብታ ስፋት፣ ብርሃኑ ከመሃሉ በግማሽ በቀነሰበት ቦታ ላይ ሲለካ፣ የሌሊቱ የሲዪንግ ቁጥር ነው። ሃዋይ ማውና ኬያ ተራራ ላይ ጥሩ ሌሊት ከ1 አርክ ሰከንድ ይወርዳል። ተራ ቦታ ላይ ከ2 እስከ 4 የተለመደ ነው።

አሁን የኔን ቴሌስኮፕ አምጡት። 130 ሚሊ ሜትር መስታወት በተፈጥሮው 0.9 አርክ ሰከንድ ገደማ የሆነ ዝርዝር መለየት ይችላል። አየሩ 3 አርክ ሰከንድ እየበጠበጠ ከሆነ ትንሿ ቴሌስኮፕ እንኳ አቅሟን አልተጠቀመችም ማለት ነው። ታዲያ በትልቅ ብቀይራት ምን አተርፋለሁ?

እግረ መንገዴን ለባለ ስልክ ብቻ ወዳጆቻችን ልንገራችሁ፤ ያለ ቴሌስኮፕ ፍኖተ ሐሊብን በስልክ ለምታነሱ ይህ ሁሉ ጭንቀት አይመለከታችሁም። የተለመደው የስልክ ካሜራ ብቻውን ሲያነሳ አንድ ፒክስል 60 አርክ ሰከንድ ገደማ የሰማይ ስፋት ይይዛል። የ3 አርክ ሰከንድ መንቀጥቀጥ እዚያ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። አየሩ የሚያስቸግረው ስናጎላ ነው።

በዓይን ብቻ መመዘን

ከመሣሪያ በፊት ዓይን አለ። ቀና ብላችሁ አናታችሁ ላይ ያሉትን ደማቅ ከዋክብት እዩ። አድማስ አካባቢ ያሉት ሁልጊዜም ይርገበገባሉ፤ ብርሃናቸው ብዙ አየር አቋርጦ ነው የሚመጣው። አናት ላይ ያሉትም እንደ ዲስኮ መብራት የሚርገበገቡ ከሆነ ግን ያን ሌሊት ፕላኔት ለማንሳት አትድከሙ።

በቴሌስኮፕ ለሚያዩ ደግሞ የቆዩ ሁለት ሚዛኖች አሉ። አሜሪካዊው ዊሊያም ፒከሪንግ ከ1 እስከ 10 ነጥብ የሚሰጥ ሚዛን አውጥቷል። ኮከብን በጣም አጉልታችሁ ስታዩ መሃሉ ላይ ትንሽ ክብ፣ በዙሪያዋም ስስ ቀለበቶች መታየት አለባቸው። ምንም የማይለይ የተበጠበጠ ብርሃን ከሆነ 1 ነው። ክቧ ጸንታ ቀለበቶቹ ሳይነቃነቁ ከታዩ 10 ነው። ዩጂን አንቶኒያዲ የተባለው፣ ፈረንሳይ ውስጥ ይሠራ የነበረው የግሪክ ተወላጅ ደግሞ አምስት ደረጃ ብቻ አስቀመጠ። አንደኛው ፍጹም የረጋ ነው፤ ሁለተኛው ትንሽ ይወዛወዝና ለጥቂት ሰከንዶች ጸጥ ይላል፤ አምስተኛው ፕላኔቱን በእርሳስ ለመንደፍ እንኳ የማያስችል ነው።

እነዚህ ሚዛኖች ጥሩ ናቸው፤ ግን የሰው ዓይን ናቸው። የኔ 6 ያንተ 4 ሊሆን ይችላል። ብር ልታወጡ ስትሉ ከዚህ የጠነከረ ነገር ያስፈልጋል።

አንድ ፎቶ፣ 10 ሰከንድ

ሞተር የሌለው ርካሽ ቴሌስኮፕ ያላችሁ ሰዎች የምታማርሩበት ነገር አለ፤ ምድር ስለምትዞር ኮከቡ ከሌንሱ ውስጥ ሸርተት ብሎ ይወጣል። ለመለኪያ ግን ይኼ ጉድለት በረከት ነው። ምክንያቱም ፍጥነቱ ይታወቃል። በሰማይ ወገብ ላይ ያለ ኮከብ በአንድ ሰከንድ 15 አርክ ሰከንድ ይሄዳል። በ10 ሰከንድ 150። በቃ፣ ሰማዩ ራሱ ማስመሪያ ሰጣችሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባሉት ምሽቶች ኦሪዮን ላይ በአንድ መስመር የተደረደሩትን ሦስት ከዋክብት ፈልጉ። ከሦስቱ ቀድማ የምትወጣው ሚንታካ ትባላለች፤ የሰማይ ወገብ ላይ ነች ማለት ይቻላል። ቴሌስኮፑን ወደ እሷ አዙሩ። የምታገኙትን ከፍተኛ ማጉያ፣ ከተቻለም ባርሎው የሚባለውን እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ ጨምሩ። እኔ ባርሎው የተዋስኩት ከጓደኛዬ ነው።

ስልኩን በማሰሪያው አጥብቁ። «ፕሮ» የሚለውን ሞድ ክፈቱ። የመዝጊያ ጊዜውን 10 ሰከንድ፣ አይኤስኦውን ዝቅተኛ አድርጉ። የሌሊት ሞድና ማሳመሪያ ነገሮችን በሙሉ አጥፉ፤ ስልኩ በራሱ ፈቃድ ምስሉን ካሳላው መለኪያው ውሸት ይሆናል። ስትነኩት እንዳይንቀጠቀጥ ሰዓት ቆጣሪውን ተጠቅማችሁ አንሱ።

የሚወጣው ፎቶ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ታያላችሁ። በፎቶ ማስተካከያ አፕ አጉሉትና ሁለት ነገር ለኩ፤ የመስመሩን ርዝመትና የመስመሩን ውፍረት፣ ሁለቱንም በፒክስል። ውፍረቱን የምትለኩት ብርሃኑ በግማሽ በደከመበት ቦታ ነው። ከዚያ ውፍረቱን ለርዝመቱ አካፍላችሁ በ150 ማባዛት ነው።

ለምሳሌ መስመሩ 330 ፒክስል ረዝሞ 6 ፒክስል ቢወፍር፣ 6 ለ330 ሲካፈል፣ በ150 ሲባዛ 2.7 ይመጣል። የሌሊቱ ሲዪንግ 2.7 አርክ ሰከንድ ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ የ130 ሚሊ ሜትሩ መስታወት የራሱ ድርሻ ትንሽ ነው፤ እሱን አስልታችሁ ብታወጡት 2.6 ይቀራል። ሌላው ሁሉ አየር ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። የመስመሩ መሃል ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ከእውነቱ በላይ ወፍራም ይመስላል፤ አይኤስኦውን አሁንም ቀንሱ። ነፋስ ወይም ልል የሆነ እግርም መስመሩን ያወፍራል። ስለዚህ አንድ ፎቶ አንስታችሁ አትፍረዱ፤ አሥር አንሱና መሃለኛውን ውሰዱ።

ባለሙያዎች የነፋሱን ችግር የሚፈቱበት ዘዴ ግሩም ነው። በ1990 ማርክ ሳራዛንና ፍራንስዋ ሮዲዬ ባሳተሙት ጥናት የተገለጸው «ዲም» የተባለው መሣሪያ ቴሌስኮፑን ሁለት ቀዳዳ ባለው ክዳን ይሸፍነዋል። አንዱ ኮከብ ሁለት ነጥብ ሆኖ ይታያል። ነፋስ ቴሌስኮፑን ሲያናውጥ ሁለቱ ነጥቦች አብረው ይናወጣሉ፤ አየሩ ሲረበሽ ግን እያንዳንዱ ለየብቻው ይደንሳል። ስለዚህ በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት ሲቀያየር ጥፋተኛው አየሩ ብቻ ነው። ዛሬ ይህንኑ ክዳን ቤታቸው የሚሠሩ አማተሮች አሉ።

«ትልቅ ልግዛ» የሚለው ሒሳብ

አሜሪካዊው ዴቪድ ፍራይድ በ1978 አንድ የሚያስደነግጥ ስሌት አሳተመ። ቪዲዮ ስንቀርጽ አየሩ ለቅጽበት የሚረጋበትን አጋጣሚ እንይዛለን፤ ያ ፍሬም ጥርት ያለ ይሆናል። የፕላኔት ፎቶ አንሺዎች የሚኖሩት በእነዚህ ዕድለኛ ፍሬሞች ነው። ሁለትና ሦስት ደቂቃ ቀርጸው «አውቶስታከርት» በመሰለ ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ምርጦቹን መርጠው ይደራርቧቸዋል። የፍራይድ ጥያቄ ታዲያ ዕድለኛ ፍሬም ምን ያህል ጊዜ ይመጣል የሚል ነበር።

ሲዪንጉ 2 አርክ ሰከንድ የሆነ ሌሊት እንውሰድ። በ25 ሴንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ ከአሥር ፍሬም አንዱ ገደማ ይጠራል። በ35 ሴንቲ ሜትር ከሦስት መቶ የሚበልጡ ፍሬሞች ውስጥ አንዱ። በ50 ሴንቲ ሜትር ደግሞ ከሚሊዮን አንዱ። መስታወቱ በሰፋ ቁጥር በአንድ ጊዜ የሚያቅፈው የተረበሸ አየር ይበዛል፤ ያ ሁሉ አየር እኩል የሚረጋበት ቅጽበት ደግሞ ብርቅ ነው።

ይህ ማለት ትልቅ ቴሌስኮፕ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ብርሃን ይሰበስባል፤ ለደብዛዛ ጋላክሲዎች እሱ ይሻላል። ነገር ግን መጥፎ አየር ላይ ትልቅ መስታወት መጨመር የተሰበረ መንገድ ላይ ፈጣን መኪና እንደመንዳት ነው።

የእኛ ሰማይ ምን አለው?

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ለፕላኔት ፎቶ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ጁፒተር ወደ ደቡብ በጣም በሚወርድባቸው ዓመታት እንኳ ከእኛ ሰማይ ላይ ከ55 ዲግሪ በላይ ከፍ ይላል። ያኔ ለንደን ያለ ሰው የሚያየው 15 ዲግሪ ላይ፣ አድማስ አጠገብ ነው። እዚያ ብርሃኑ ከእኛ ሦስት እጥፍ አየር ያቋርጣል፤ ሌላው ሁሉ እኩል ቢሆን የእሱ ብዥታ የእኛን እጥፍ ይሆናል። ኢንተርኔት ላይ አውሮፓውያን ያነሷቸውን ፎቶዎች አይተን የምንቀና ልጆች ይህን እናስብ እስቲ!

ከፍታውም አለ። 2,300 ሜትር ላይ ስንቆም ከአየሩ ሩብ ያህሉ ከእግራችን በታች ቀርቷል። እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ከላሊበላ አቅራቢያ ባሉ ተራሮች ላይ ሌላ የመትከል ሐሳብም ሲነሳ ቆይቷል።

ከፍታ ብቻውን ግን አይበቃም። ከሚበጠብጠን አየር ብዙው እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። ኮንክሪት ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ፀሐይ እስከ እኩለ ሌሊት ይተፋዋል። የጎረቤት ጭስ ማውጫ፣ የቆመ መኪና ሞተር፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሁሉም የየራሳቸውን ሽሮ ይጥዳሉ። ቴሌስኮፑ ራሱ ከሞቀ ክፍል ወጥቶ ወዲያው ሲተከል ከውስጡ ሙቀት ይወጣል፤ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ውጭ ቁጭ ብሎ መቀዝቀዝ አለበት። ሰማዩን መቀየር አንችልም፤ የምንቆምበትን ቦታና ሰዓት ግን እንችላለን።

ሁለቱ መስመሮች

መልእክቱን ሳልልከው አስቀመጥኩ። በማግስቱ ማታ 2 ሰዓት ላይ ቴራሱ ላይ አሥር መስመር አነሳሁ። ከዚያ ቴሌስኮፑን ተሸክሜ አራት ፎቅ ወረድኩ። ጥበቃው ጋሽዬ «ደሞ ዛሬ ምን ልትሰልል ነው?» አሉኝ። ግቢው ውስጥ ከሕንፃው ራቅ ያለች ሣር አለች፤ እዚያ ተክዬ እንዲቀዘቅዝ ተውኩትና እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ሌላ አሥር አነሳሁ።

ቁጥር ሳልሠራ በፊት በዓይኔ ታየኝ። የቴራሱ መስመር የግቢውን መስመር እጥፍ ያህል ይወፍራል። ያው ቴሌስኮፕ፣ ያው ስልክ፣ ያው ኮከብ። የተቀየሩት የቆምኩበት ወለልና ሰዓቱ ብቻ ናቸው።

ከዚያ ወደ ጁፒተር ዞርኩ። አሁንም አልፎ አልፎ ይወዛወዝ ነበር፤ በመሃል ግን ሁለት ሦስት ሰከንድ ጸጥ ይልና ቀበቶዎቹ በስለት የተቆረጡ መስለው ይቆማሉ። ያኔ ነው ስልኩ የቀረጸው። ጋሽዬን ጠርቼ አሳየኋቸው። ብዙ ቆዩ፣ ዓይናቸውን ሳያነሱም «ይኼ ሁሉ ጊዜ እዚህ ነበረ?» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ስልኬ ማስታወሻ ላይ አንድ ሠንጠረዥ አለ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ነፋስ፣ የመስመሩ ቁጥር። ከመውጣቴ በፊት «ሜቲዮብሉ» ድረ ገጽ ላይ የሲዪንግ ትንበያውን አያለሁ፤ ስመለስ ከለካሁት ጋር አስተያየዋለሁ። ትንበያው ስለ ላይኛው አየር ይነግረኛል፤ ስለ ቴራሴ ኮንክሪት ግን ምንም አያውቅም። ያንን የማውቀው እኔ ነኝ።

እናንተም ብትጀምሩት ደስ ይለኛል። አንዱ ከሱሉልታ፣ አንዱ ከቦሌ ፎቅ፣ ሌላው ከባሕር ዳር ዳርቻ፣ አንዷ ከመቀሌ፤ በተመሳሳይ ኮከብ፣ በተመሳሳይ ዘዴ። ኦብዘርቫቶሪ የሚተከልበት ተራራ የሚመረጠውም ሌሊት በሌሊት በሚሰበሰብ እንዲህ ባለ ቁጥር ነው።

ለአክስቴ ልጅ በመጨረሻ መልእክት ላክሁለት። «ትልቁን ተወው፣ አንድ ባርሎው ሌንስ ብቻ ያዝልኝ፤ የተዋስኩትን ልመልስ ነው» አልኩት። ኪስ ውስጥ ይገባል።

እቁቤም እስካሁን አልተነካም።